ዘጠኝ ካሬ ሜትር፦ ለትንሽ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቢታን እንዴት ይሰናዳል?

ከማዳመጥ ይልቅ ማንበብ ለሚቀናችሁ የዛሬውን ክፍል በጽሑፍ አቅርበናል። አነጋገሩን እንዳለ ነው የተውነው፤ እዚህም እዚያም ዕብራይስጥ ጣል ብናደርግ አትታዘቡን።

የዛሬው ርዕሳችን ቢታን ነው። ታዓሩኻ ላይ፣ ማለትም ኤግዚቢሽን ላይ፣ አንድ ድርጅት ዕቃውን የሚያሳይባት ትንሽዬ ቦታ። አዲስ አበባ "ቡዝ" ይሏታል። ነገሩ የጌጥ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ባነር መስቀል፣ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ማልበስ፣ ከረሜላ በሳህን ማቅረብ። ግን አይደለም። አንድን ዕቃ ለመሥራት ሁለት ዓመት የደከማችሁበትን፣ ሊገዛው የሚችለው ሰው በሦስት ሰከንድ ውስጥ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ዕቃው ትንሽ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፍሪጅ ከሩቅ ይታያል፤ የጆሮ ማዳመጫ አይታይም።

ወሬያችን አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሦስት የሃሊሳ ልጆች አንዲት ትንሽ መሣሪያ ሠሩ እንበል። መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ አንድ ትልቅ ቁልፍ ያላት። ቁልፉን ሲጫኑት ሰዓቱን በአማርኛ ትናገራለች፤ የመድኃኒት ሰዓት ሲደርስ "እማማ፣ የጠዋቱ ኪኒን" ትላለች። ዕብራይስጥ ለማያነቡ አያቶቻችን የተሠራች ናት። የምትናገረውም በእኛው አቆጣጠር ነው፤ የግድግዳው ሰዓት 8 ሲል እሷ "ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት" ትላለች። ይህቺን መሣሪያ እስከ መጨረሻው ይዘናት እንሄዳለን።

መጀመሪያ፦ የሚመጣው ማን ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያዋን የምትጠቀመው አያታችን ናት፤ ታዓሩኻው ላይ ግን አያታችን አትመጣም። የሚመጣው አከፋፋይ ነው፣ የሱቅ ዕቃ ገዢ ነው፣ ከኩፓት ሖሊም ወይም አረጋውያንን ከሚንከባከብ ድርጅት የተላከ ሠራተኛ ነው። አብዛኛው አማርኛ አይሰማም። ስለዚህ ቢታኑ አያታችንን ማስደሰት የለበትም። አያታችንን ለማያውቅ ሰው፣ ችግሯ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነው ያለበት።

ኤግዚቢሽን ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። በአሜሪካ ላስ ቬጋስ በየጥር ወሩ የሚካሄደው ሲኢኤስ ለነጋዴና ለባለሙያ ብቻ ነው፤ መንገደኛ አይገባም። የተጀመረው በ1967 በኒውዮርክ ነበር። በበርሊን ያለው ኢፋ ደግሞ ከ1924 ጀምሮ ያለ ነው፤ እዚያ ሕዝቡም ገብቶ ያያል። ኢፋ ሲጀመር የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ነበር፤ በ1930 የመክፈቻውን ንግግር ያደረገው አልበርት አይንሽታይን ነው። እስቲ አስቡት፦ ሬዲዮ ከውጭ ሲያዩት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው ማሳየት የሚቻለው በማሰማት ብቻ ነው። የእኛም መሣሪያ ያው ናት። ከመመዝገባችሁ በፊት አዘጋጁን ጠይቁ፦ የሚገቡት ነጋዴዎች ናቸው ወይስ ሸማቾች? ለነጋዴ የምትናገሩት ስለ ብዛት፣ ስለ ዋስትናና ስለ ማስረከቢያ ጊዜ ነው፤ ለሸማች ደግሞ ስለ ዋጋና ስለ አጠቃቀም።

ሦስቱ ርቀቶች

ቢታን የሚታየው ከሦስት ቦታ ነው፦ ከ10 ሜትር፣ ከ3 ሜትር እና ከእጅ።

ከ10 ሜትር ዕቃችሁ የለም። እውነቴን ነው፣ መዳፍ የምታክል ነገር ከዚያ ርቀት አትታይም። የሚታየው ከላይ የተሰቀለው ምስልና ጽሑፍ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ፎቶ ይበቃል፦ የአሮጊት እጅ መሣሪያዋን ይዞ። እጁ መጠኑን ይናገራል፣ ለማን እንደሆነም ይናገራል። ጽሑፉ ከሰባት ቃላት አይብለጥ። ለምን? ሰው በተለመደ እርምጃው በሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ ይሄዳል። የቢታናችሁ ፊት 3 ሜትር ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ሰከንድ ነው ያላችሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የድርጅቱን ታሪክ የሚያነብ የለም።

የፊደሉ ቁመትስ? ባለሙያዎች በየ3 ሜትሩ ቢያንስ 2.5 ሳንቲሜትር ይላሉ። ለ10 ሜትር ከ8 ሳንቲሜትር በላይ ማለት ነው። የእኛ ፊደል ግን ከዚያም ይበልጥ ይፈልጋል። በ "በ" እና በ "ቡ" መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ ከሩቅ ትጠፋለች። አማርኛ ከጻፋችሁ ወደ 12 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉት።

ከ3 ሜትር ላይ ሰውየው ቆም ብሎ "ምንድን ናት?" ይላል። እዚህ ዕቃው ራሱ መታየት አለበት። የተለመደው ጥፋት አርባ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ መደርደር ነው። የአዲስ አበባ ጉሊት ላይ ቲማቲም የምትሸጠውን ሴት ያየ ሰው ያውቃል፦ ያላትን ሁሉ አንድ ላይ አትከምርም። በትንሽ በትንሹ መደብ ታደርገዋለች፣ በመካከሉ ባዶ ቦታ ትተዋለች። ዓይን የሚያርፈው ባዶ ቦታ ሲኖር ነው። ሦስት መሣሪያ፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ከፍ ባለች መደገፊያ ላይ። ጥቁር ዕቃ ነጣ ባለ መደብ ላይ፣ ነጭ ዕቃ ጠቆር ባለ መደብ ላይ።

ሦስተኛው ርቀት እጅ ነው። ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን፤ ዋናው ነገር እዚያ ስላለ።

ቦታውን መከፋፈል

በእኛ አገርም በአውሮፓም የትንሽ ቢታን የተለመደ መጠን 3 ሜትር በ3 ሜትር ነው፣ 9 ካሬ ሜትር። ሦስት ግድግዳ ከተሰጣችሁ አንድ ፊት ብቻ ክፍት ነው። ማዕዘን ላይ ከሆናችሁ ሁለት ፊት ይከፈታል፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፣ ግን ለትንሽ ዕቃ ይጠቅማል።

አሁን ብዙዎቻችን የምናደርገውን ልንገራችሁ። ረጅሙን ጠረጴዛ ፊት ለፊት አጋድመን ከኋላው ወንበር ላይ ቁጭ እንላለን። ያ ጠረጴዛ አይደለም፣ አጥር ነው። ጠረጴዛውን ወደ ጎን ግድግዳ አዙሩት። ፊቱ ክፍት ይሁን፤ ሰው አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ውስጥ ቢገባ ይበቃል። በ9 ካሬ ሜትር ውስጥ ከሁለት ሰው በላይ አትቁሙ። ሦስተኛው ጓደኛችሁ አዳራሹን ይዙር፣ ሌሎቹ ምን ይዘው እንደመጡ ይይ። የማሳያው ቁመት ከ90 እስከ 100 ሳንቲሜትር ይሁን፣ ቆሞ ለሚያይ ሰው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ደግሞ አንዱን ወደ 75 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጉት። ለአረጋውያን የሚሆን ዕቃ እየሸጣችሁ ይህን ብትረሱ ሰው ያስተውላል።

ኪራዩን ስትጠይቁ ደግሞ በውስጡ ያለውንና የሌለውን ለይታችሁ ጠይቁ። መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ወንበር፣ ጽዳት፣ ዕቃ ማስገቢያ ለየብቻ ሊታሰቡ ይችላሉ። የምትሰቅሉት ጨርቅም እሳት የሚቋቋም መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ሊጠየቅበት ይችላል።

ከቀኝ ወይስ ከግራ?

ይቺ ለእኛ ብቻ የምትመጣ ጣጣ ናት። ዕብራይስጥና አረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባሉ፤ አማርኛ፣ ሩሲያኛና እንግሊዝኛ ከግራ ወደ ቀኝ። ሃሊሳ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን በየሱቁ በር ላይ አይቶታል፣ አረቡም ሩሲያውም ሐበሻውም አንድ ደረጃ ላይ የሚኖርበት ሰፈር ነውና።

አሁን ባነሩ ላይ ሦስት ሥዕል አለ እንበል፦ አያታችን ግራ ገብቷታል፤ ቁልፉን ተጫነች፤ ኪኒኗን ወሰደች። ከግራ ወደ ቀኝ ከደረደራችሁት፣ የዕብራይስጥ አንባቢ ከቀኝ ይጀምርና ታሪኩን ገልብጦ ያየዋል፦ ኪኒን ወሰደች፣ ከዚያ ግራ ገባት! መድኃኒቱ ነው እንዴ ያደናገራት? መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሥዕሎቹን ከላይ ወደ ታች ደርድሩ። ሁሉም ቋንቋ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቋንቋም አትቀላቅሉ፦ ትልቁ ጽሑፍ ለገዢው በዕብራይስጥ፣ ከሥሩ አንድ መስመር በአማርኛ። አማርኛው ለጌጥ አይደለም፤ መሣሪያዋ የምትናገረው እሱን ስለሆነ ነው።

መብራት፣ ኤሌክትሪክና ብሉቱዝ

የአዳራሽ መብራት ከላይ ይወርዳል፣ የዕቃውን ፊት ያደበዝዛል። ትንንሽ ኤልኢዲ መብራቶችን ከፊት ለፊትና ከላይ፣ ወደ 30 ዲግሪ አዘንብላችሁ አኑሩ። ቀጥ ብሎ ከወረደ መስታወት ያለው ዕቃ ያንጸባርቃል፣ ሰው የራሱን ፊት ያያል። ቀለሙ 4000 ኬልቪን አካባቢ ቢሆን ቢጫም ሰማያዊም አይልም።

የኤሌክትሪክ ሒሳቡን በወረቀት ሥሩት። ስድስት መብራት በ10 ዋት 60፣ ስክሪን 100፣ አምስት ቻርጀር በ20 ዋት 100፤ ድምሩ 260 ዋት። አንድ ባለ 16 አምፔር መስመር በ230 ቮልት ከ3600 ዋት በላይ ይሸከማል፣ ሰፊ ነው። 2000 ዋት የሚበላ የውኃ ማፍያ ስትሰኩበት ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ አትሰካኩ።

ብሉቱዝ ደግሞ የኤግዚቢሽን ጠላት ነው። ብሉቱዝም ብዙው ዋይፋይም በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ላይ ይሠራሉ። በዚያ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡ የዋይፋይ መስመሮች በተለምዶ 3 ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አዳራሹ ውስጥ ግን በየሰዉ ኪስ ስልክ አለ፣ በየቢታኑ ራውተር አለ። ቤታችሁ ወዲያው የሚገናኘው መሣሪያ እዚያ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይገናኝም። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔትና ያለ ብሉቱዝ የሚሠራ ማሳያ አዘጋጁ፤ የግድ ከሆነ በሽቦ አገናኙ። ድምፁም በጫጫታ ይዋጣል፤ መሣሪያዋን ወደ ጆሮ የሚያስጠጉበት ወይም ማዳመጫ የሚሰኩበት መላ ይኑር። አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ማዕከል የበዓል ባዛር የሄደ ሰው ያውቃል፤ ሁሉም ድምፅ ማጉያ ሲከፍት የማንም አይሰማም። ሰው የሚሰበሰበው ካሮት በመክተፊያ እየከተፈ ከሚያሳየው ልጅ ዙሪያ ነው።

ባትሪውን በሦስት ፈረቃ ያዙ፦ አንዷ መሣሪያ በእጅ፣ አንዷ ቻርጅ ላይ፣ አንዷ በተቆለፈ ሳጥን። በአውሮፕላን ከሄዳችሁ ፓወር ባንክና ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ባለ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ነው፣ ያልፋል። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፤ ቻርጀራችሁ ላይ "100–240" የሚል ካለ አትጨነቁ፣ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃል። ለማሳያ ይዛችሁ ወጥታችሁ የምትመልሱትን ዕቃ ደግሞ ቀረጥ እንዳያስከፍላችሁ ኤቲኤ ካርኔት የሚባል ሰነድ አለ፤ በንግድ ምክር ቤቶች በኩል ይወጣል፣ እስከ አንድ ዓመት ያገለግላል።

ባለእጅ

አሁን ወደ እጁ እንምጣ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በሰሜን በኩል ወለቃ የምትባል መንደር አለች። እዚያ የቤተ እስራኤል እናቶች ከሸክላ የሠሯቸውን ትንንሽ ምስሎች መንገድ ዳር ደርድረው ለጎብኚ ይሸጡ ነበር። ጎብኚው ከመኪናው ይወርዳል፣ አንዷን ያነሳል፣ ያገላብጣታል፣ ሻንጣው ውስጥ ይከታታል። ቢታን ካላችሁ ያ ነው ቢታን፤ ትንሽ ዕቃ፣ መንገደኛ ገዢ፣ ጥቂት ደቂቃ።

አባቶቻችን አንጥረኛ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ "ባለእጅ" ይባሉ ነበር። ቃሉ ሲታሰብ ምስጋና ነው፤ የሚያውቅ እጅ ያለው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ለስድብ ነበር። ማረሻውን ይገዛሉ፣ እንስራውን ይገዛሉ፣ ከሠሪው ግን "ቡዳ" ብለው ይሸሻሉ። ዕቃው ቤት ገባ፣ ሠሪው ደጅ ቀረ።

ይህን የማነሳው ለሐዘን አይደለም። ቢታን ሥራው ያንን መገልበጥ ስለሆነ ነው። ሠሪው ከዕቃው ጋር የሚቆምበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከኢንተርኔት የተወሰደ የፈገግታ ፎቶ አትስቀሉ፤ የራሳችሁን የሥራ ጠረጴዛ ፎቶ ስቀሉ። "ሃይፋ፣ ሃሊሳ ውስጥ ተነድፋ የተሠራች" ብላችሁ ጻፉ። ሁለታችሁም ስማችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ።

ጀበናስ? ይህን ሁሌም ትጠይቁናላችሁ። ቡና እናፍላ፣ የሐበሻ ልብስ እንልበስ፣ ሰው ይሰበሰባል አይደል? ይሰበሰባል። ከሰል አይፈቀድም፣ የዕጣን ጭስም የእሳት ማንቂያውን ሊያስጮኸው ይችላል፤ ግን ዋናው ችግር እሱ አይደለም። ሰው ቡናውን ይጠጣል፣ ከቀሚሱ ጋር ፎቶ ይነሳል፣ "ደስ ይላል" ብሎ ይሄዳል። መሣሪያዋን አልነካም። ባህላችን መታየቱ ያስደስተኛል፤ ግን እናንተ ያን ቀን የመጣችሁት መሐንዲስ ሆናችሁ ነው። ቡናው ዕቃውን የሚሸፍን ከሆነ ለማታ ይቆይ። ባህሉ መሣሪያዋ ውስጥ አለላችሁ፦ ገዢው ቁልፉን ይጫናል፣ ግድግዳው ላይ 8 ሰዓት ነው፣ እሷ "ሁለት ሰዓት" ትላለች። "ተሳስታለች?" ይላል። እዚያ ላይ ነው ወሬው የሚጀመረው። "አልተሳሳተችም፣ እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው። አያቴ የሐኪሙን ወረቀት ስታይ የምትደናገረው በዚህ ነው" ትሉታላችሁ። በአንድ ደቂቃ ችግሩንም መፍትሔውንም በእጁ ይዞታል።

ለዚህ ነው ዕቃውን በመስታወት ሳጥን አትቆልፉት የምለው። እንዳይሰረቅ ቀጭን ሽቦ እሰሩበት፣ ግን ረዘም ያለና ላላ ያለ፤ ክብደቱን እንዲሰማው፣ እስከ ጆሮው እንዲያደርሰው። አጠገቡ የመጥረጊያ ጨርቅ ይኑር፤ ከሃያ ሰው በኋላ የጣት አሻራ ዕቃውን ያሮጀዋል።

ማን ይናገር?

እኛ ያደግነው ትልቅ ሰው ሳይናገር አንናገርም በሚል ቤት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ቢታን ውስጥ አንገት ደፍቶ ስልክ ማየት ይሆናል። እንግዲህ ከባህላችን ሌላውን እንውሰድ። እንግዳ በር ላይ ሲቆም ምን እናደርጋለን? ብድግ እንላለን፣ "ግቡ" እንላለን። ቢታኑ ቤታችሁ ነው። ቁሙ፣ ከጠረጴዛው ጎን ሁኑ፣ መሣሪያዋን በእጃችሁ ዘርጉለት። "ልርዳህ?" አትበሉት፣ "አይ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ያልፋል። "ይህን ቁልፍ እስቲ ተጫን" በሉት። ከዚያ ዝም በሉ፣ እስኪሰማ።

የሰጣችሁን አድራሻ ብቻ ሳይሆን የጠየቀውንም ጻፉ። ዋጋ ነው የጠየቀው? ትግርኛም ትናገራለች ወይ ነው ያለው? ማታውኑ በወረቀት አስፍሩት፤ በሁለት ቀን ውስጥ የጠየቀውን መልሱለት። ሲመሽ ሦስት ቁጥር ይኑራችሁ፦ ስንት ሰው ቆመ፣ ስንት ሰው ነካ፣ ስንት ሰው አድራሻ ተወ። ብዙ ቆሞ ጥቂት ከነካ አቀማመጡን አስተካክሉ። ብዙ ነክቶ ጥቂት አድራሻ ከተወ አነጋገራችሁን አስተካክሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት

ለዚህ ሁሉ ልምምድ ገንዘብ አያስፈልግም። በሰፈር አዳራሽ ወይም በግቢ ወለል ላይ በፕላስተር 3 በ3 ሜትር አራት ማዕዘን ሥሩ። ጠረጴዛ አስገቡ፣ ባነሩን በካርቶን ላይ ጽፋችሁ ስቀሉ። ስለ መሣሪያዋ ምንም የማያውቅ ጎረቤት ጥሩና በፊታችሁ እንዲያልፍ አድርጉት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ "ምን የምንሸጥ መሰለህ?" ሦስት ሰው ጠይቃችሁ ሦስት የተለያየ መልስ ካገኛችሁ ባነሩን ቀይሩ፤ ካርቶን ነው፣ አይከብድም።

ከመመዝገባችሁ በፊትም ሄዳችሁ እዩ። ሃይፋ ውስጥ የኮንግረስ ማዕከሉ በደቡብ በኩል ማታም አጠገብ ነው። የቴል አቪቭ ኤክስፖ አዳራሾች ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ናቸው፤ ከሃይፋ በባቡር ይደረሳል። ስትገቡ ዕቃዎቹን ሳይሆን እጆችን ተመልከቱ፦ ሰው እጁን የሚዘረጋው የት ቢታን ላይ ነው? ኪሱ ውስጥ አድርጎ የሚያልፈውስ የት ነው? አሥር ደቂቃ ቆማችሁ ቁጠሩ። ያያችሁትን ጻፉልን፣ በሚቀጥለው ክፍል እናነበዋለን።

እስከዚያው ሰላም ሁኑ፣ ቸር ያገናኘን።